ላፕቶፕ ላይ የፍላሽ ካሽ መጨመር ያዋጣል ወይስ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው?

ሰባራ ማጠፊያ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ ነው፣ በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከረው ዓይነት። ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ሲነሳ ዕድሜ ይፈጃል፣ ከተነሳ በኋላም ብራውዘር ስከፍት ስታክ ያደርጋል። ሰሞኑን ከተበላሸ ኮምፒውተር የወጣች 32 ጊጋ የኤም.2 ኤስኤስዲ (ማዘርቦርድ ላይ የምትሰካ ቀጭን የፍላሽ ዲስክ) እጄ ገባች። የኔን ላፕቶፕ ስከፍተው ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ ስሎት አየሁ። እሷን ሰክቼ ለሃርድ ዲስኩ ካሽ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ የሚነበበው ነገር የሚቀመጥባት ፈጣን ማረፊያ፣ ባደርጋት ለውጥ አለው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ "ዩኤስቢ ፍላሽ ሰካና ሬዲቡስት አብራ፣ በቃህ" ይለኛል። ሬዲቡስት ዩኤስቢ ፍላሽን ካሽ የሚያደርግ የዊንዶውስ ነገር ነው። የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ልፋቱ ያዋጣል?

ቀጭን ገመድ

ተወው። ራም ጨምር፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ሙሉ ኤስኤስዲ ግጠምበት። አለቀ።

ሰባራ ማጠፊያ

እሱንማ ማንም ይለኛል። ካሹ ለምን እንደማይሆን ነው የጠየቅኩት።

የድሮ ቴክኒሻን

ቀጭን ገመድ ቸኮልክ። ልጁ የጠየቀው ደህና ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩ ለምን እንደሚንቀራፈፍ እንይ። በደቂቃ 5400 ዙር ማለት አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። የምትፈልገው ዳታ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ትጠብቃለህ፣ 5.6 ሚሊሰከንድ። ክንዱ ካለበት ተነስቶ ትክክለኛው ቦታ እስኪደርስ ደግሞ ሌላ 12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጨምርበት። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተነ ነገር ሲያነብ በሰከንድ ከ60 ጊዜ ብዙም አያልፍም። ቁራጩ 4 ኪሎባይት ከሆነ በሰከንድ የምታገኘው 240 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ ግን በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጥሃል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚለቃቅመው ደግሞ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ነው፣ ስቃዩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፍላሽ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አንዷን ቁራጭ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያመጣልሃል። ስለዚህ ሐሳቡ ራሱ ሞኝነት አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚነበቡትን ትናንሾቹን ፍላሹ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ትልልቆቹን ለዲስኩ ትተዋለህ። ጥያቄው ያንተን ማሽን የያዘው ይሄ በሽታ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ነው። ታስክ ማናጀር ክፈትና የለመድከውን ሥራ እየሠራህ ሜሞሪና ዲስክ ስንት እንደሚሉ ንገረን።

ሰባራ ማጠፊያ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት። ብራውዘር ላይ ጥቂት ታቦች፣ ወርድ ላይ አንድ ፋይል ከፍቼ ሜሞሪ 93 በመቶ ነው። ዲስክ 100 በመቶ ይላል፣ ግን ወረድ ብዬ ሳየው ፍጥነቱ በሰከንድ 1.4 ሜጋባይት ነው። መቶ በመቶ ተይዞ 1.4 ሜጋ! ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?

የድሮ ቴክኒሻን

አይ፣ ይሄ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። 100 በመቶ የሚለው ዲስኩ ያለ እረፍት የሠራበትን ጊዜ ነው እንጂ ያመላለሰውን የዳታ ብዛት አይደለም። ጭንቅላቱ ወዲያ ወዲህ ሲሯሯጥ ነው የሚውለው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ 93 በመቶ ነው።

ሙሉ ጨረቃ

እኔም ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ራሙ ስለሞላ ዊንዶውስ እየጨነቀው ያሉትን ነገሮች ወደ ዲስኩ ፔጅ ፋይል እየገፋ፣ መልሶ እየጠራ ነው። ሪሶርስ ሞኒተር ክፈትና ሜሞሪ የሚለው ውስጥ የሃርድ ፎልት ቁጥሩን (ራም ውስጥ ታጥቶ ከዲስክ የተጠራውን ብዛት) ተመልከት። ታብ በቀየርክ ቁጥር ሽቅብ የሚዘል ከሆነ በሽታህ የራም ማነስ ነው፣ ካሽ ደግሞ ራም አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ትርፍ ራም ካለህ ስርዓተ ክወናው ራሱ ያንን ራም የዲስክ ካሽ ያደርገዋል፣ ማንንም ሳይጠይቅ። ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም እንዲሁ ናቸው። ራም ደግሞ በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል፣ ፍላሹ በ100 ማይክሮሰከንድ። የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ 4 ጊጋውን 8 ብታደርገው ፔጅ ፋይሉም ይተነፍሳል፣ በዚያ ላይ ማንኛውም ፍላሽ የማይደርስበት ካሽ በነፃ ታገኛለህ። ይሄን ሳታደርግ ካሽ ልጨምር ማለት ለኔ አይገባኝም።

ቀጭን ገመድ

እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ በአንድ መስመር 😄

ቅጠላ ቅጠል

እስቲ ስለ ሬዲቡስቱ የሚመልስለት ይኑር። የኔ እህት ላፕቶፕ ላይ አንድ ሰው ፍላሽ ሰክቶላት "አሁን ራምሽ 12 ጊጋ ሆነ" ብሏት ሄዷል። እስከ ዛሬ ያቺን ፍላሽ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

የድሮ ቴክኒሻን

ቅጠላ ቅጠል፣ ለእህትሽ ፍላሿን ነቅላ ሌላ ሥራ ትሥራበት በያት። አይዞሽ፣ ብትነቅለውም የሚጠፋ ነገር የለም። ሬዲቡስት ፍላሹ ላይ የሚያስቀምጠው ሁሉ ዋናው ኮፒ ዲስኩ ላይ አለ። ፍላሹ ቢሰረቅ እንኳ እንዳይነበብ በኤኢኤስ 128 ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው። በዚህ በኩል በደንብ የታሰበበት ሥራ ነው።

ራም ሆነ የሚለው ግን ውሸት ነው። ሬዲቡስት የመጣው በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ያኔ 512 ሜጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ሞልቶ ነበር፣ ቪስታ ደግሞ ራም ይበላል። ለእነዚያ ማሽኖች የሚታይ እፎይታ ነበረው። ፍላሹ ቢያንስ 256 ሜጋ እንዲሆንና 4 ኪሎባይት ቁራጮችን በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት እንዲያነብ ነበር የሚፈለገው። ዊንዶውስ 7 ሲመጣ እስከ 8 ፍላሽ፣ በድምሩ 256 ጊጋ ፈቀደ። ግን ያው ዊንዶውስ 7 ሲስተሙ ኤስኤስዲ ላይ መሆኑን ካየ "ይሄ ኮምፒውተር በቂ ፍጥነት ስላለው ጥቅም አይኖረውም" ብሎ አላበራም ይላል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ አውቀውታል ማለት ነው።

በዩኤስቢ 2 በኩል ከሆነ ደግሞ በተግባር በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አታልፍም። ርካሽ ፍላሽ ትናንሽ ነገር ሲጻፍበት ራሱ ስታክ ያደርጋል። ሬዲቡስት ትልልቅ ተከታታይ ንባቦችን ወደ ዲስኩ የሚልከው ለዚህ ነው፣ በዚያ ዲስኩ ይበልጠዋላ።

ሰባራ ማጠፊያ

እሺ ዩኤስቢው ይቅር። 32 ጊጋዋስ? እሷ እኮ እውነተኛ ኤስኤስዲ ናት።

ባለ ሁለት ልብ

እኔ ይሄንን ነገር ኖሬበታለሁ፣ ግን በሌላ መልኩ። ከድሮ ጀምሮ የያዝኩት ሲጌት ሞመንተስ ኤክስቲ የሚባል ድቅል ዲስክ አለኝ። በ2010 የወጣው ነው፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ሆኖ ሆዱ ውስጥ 4 ጊጋ ፍላሽ ተሰፍቶበታል። ድራይቨር አይፈልግ፣ ሴቲንግ የለው፣ ምን እንደሚያስቀምጥ ዲስኩ ራሱ ይወስናል። የታዘብኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ከተራ ዲስክ አይለይም። ደጋግመህ ስታስነሳው ግን በየጊዜው እየቀለለ ይሄዳል፣ ብራውዘሩም ጠቅ ስታደርገው ብቅ ይላል። ከፍተህ የማታውቀውን ፎልደር ስትከፍት ግን ያው የድሮው ዲስክ ነው፣ ቅርር ቅርር ይልብሃል። ፍጥነቱ ወጥ አይደለም። ኤስኤስዲ የለመደ ሰው ይሄ ያናድደዋል፣ ሃርድ ዲስክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ይደሰትበታል።

በ4 ጊጋ ይሄን ካደረገ በ32 ጊጋ የተሻለ እንደሚሆን አልጠራጠርም። የቀን ተቀን ነገርህ፣ ዊንዶውሱ፣ ብራውዘሩ፣ ወርዱ፣ ሁሉም ገብተው ቦታ ይተርፋል። ስለዚህ ሰዎች "ከንቱ ነው" ሲሉ አልስማማም። ከንቱ አይደለም።

ሙሉ ጨረቃ

ከንቱ ነው ያለ የለም፣ ቅደም ተከተል ነው ያልነው። ድቅሉ ዲስክ ደግሞ ሁሉንም ነገር ራሱ ስለሚያስተዳድር ነው እንዲህ የቀለለህ። ሁለት ለየብቻ የሆኑ ዕቃዎችን በሶፍትዌር ማጋባት ሌላ ጣጣ ነው። በዊንዶውስ ዋናው መንገድ ኢንቴል በ2011 ከዜድ68 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ጋር ያወጣው ስማርት ሪስፖንስ ነው። እሱ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ የለም። ቺፕሴቱም ባዮሱም (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) መደገፍ አለባቸው። ካሹ ከ18.6 ጊጋ ማነስ የለበትም፣ ከ64 ጊጋ በላይም አይወስድም፣ ስለዚህ 32 በልኩ ነው። ግን ባዮስ ውስጥ የሳታውን (ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ሞድ ኤኤችሲአይ ከሚለው ወደ ሬይድ መቀየር አለብህ። ዊንዶውሱን ሳታዘጋጅ ዘው ብለህ ከቀየርከው ደግሞ አይነሳም፣ ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቅህ። መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ታዘዋለህ፣ ከዚያ ባዮሱን ትቀይራለህ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ሲነሳ ድራይቨሩን ያነሳል፣ ከዚያ ወደ መደበኛው ትመልሰዋለህ።

ቅጠላ ቅጠል

ይሄ ሁሉ ለካሽ? 😅

የድሮ ቴክኒሻን

ገና መች ተነካና። ስማርት ሪስፖንስ ሁለት ሞድ አለው። አንዱ የምትጽፈውን ወዲያውኑ ዲስኩም ላይ ይጽፋል። ፍላሹ ቢሞት የሚጎድልህ ነገር የለም፣ ግን የመጻፍ ፍጥነት ላይ አትጠቀምም። ሁለተኛው መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ይጽፍና ዲስኩን ቀስ ብሎ ያደርሰዋል። ይሄኛው ፈጣን ነው። ግን በማንኛዋም ደቂቃ ዲስክህ ላይ ያለው ያልተሟላ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ቀሪው ፍላሹ ላይ ነው።

በዚህ ሞድ የሚሠራ አንድ ላፕቶፕ አጋጥሞኛል። ስክሪኑ ሲሰበር ባለቤቱ ሃርድ ዲስኩን ብቻ ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሰካው፣ ፋይሎቼን ልገልብጥ ብሎ። ዲስኩ ተከፈተ። ፎልደሮቹም ታዩ። የመጨረሻ ሰሞን የጻፋቸው ፋይሎች ግን ገሚሶቹ የሉም፣ ገሚሶቹ ስማቸው አለ፣ ሲከፈቱ ዝባዝንኬ ነው። ሌላኛው ማሽን ዲስኩን ልጠግነው ወይ ብሎ ሲጠይቀው እሺ ብሎት ስለነበር ነገሩን ጭራሽ አባሰው። ትናንሿን ፍላሽ አብሮ ቢያመጣት ወይም መጀመሪያ ካሹን አጥፍቶ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ካሽ ከሠራችሁ ከሁለቱ አንዱን ከመንቀላችሁ በፊት ካሹን ከሶፍትዌሩ አጥፉት፣ ወደ ዲስኩ ጽፎ እስኪጨርስም ጠብቁት።

ዳመና ጠል

ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ግን ካሽ የምደግፍ ነኝ፣ ምክንያት አለኝ። 2 ቴራ ፎቶ አለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም። ሊኑክስ ነው የምጠቀመው። ላፕቶፔ ሁለት ቦታ አለው፣ አንዱ ላይ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ላይ ኤስኤስዲ። ኤስኤስዲውን ለሁለት ከፍዬ ገሚሱ ላይ ሲስተሙ ተቀምጧል፣ ገሚሱ ኤልቪኤም ካሽ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ የሃርድ ዲስኩ ካሽ ነው። ሰሞኑን የምሠራባቸው ፎቶዎች ራሳቸው ወደ ፍላሹ ይመጣሉ፣ ስጨርስ ሌሎች ይተኳቸዋል። በእጄ ምንም አላንቀሳቅስም። ሊኑክስ ላይ ዲኤም ካሽና ቢካሽ የሚባሉት የካሽ መሣሪያዎች ከ2013 ጀምሮ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ አሉ፣ የቺፕሴት ምርጫ የለ፣ የባዮስ ለውጥ የለ።

ሙሉ ጨረቃ

ያንቺ ሁኔታ ግን ሌላ ነው፣ ሲስተምሽ ቀድሞውኑ ኤስኤስዲ ላይ ነው። ካሹ የሚያገለግለው ፎቶውን ብቻ ነው። ሞዱስ የትኛው ነው?

ዳመና ጠል

የመጀመሪያው፣ ወዲያውኑ ዲስኩም ላይ የሚጽፈው። ፎቶዬን ለፍጥነት ብዬ አልቆምርበትም። ባክአፕም አለኝ። ደግሞ እኔ የምፈልገው የማንበቡን ፍጥነት ነው። ጥቃቅን ምስሎቹን እያገላበጥኩ ስመርጥ ነው ልዩነቱ የሚታየኝ።

ቀጭን ገመድ

ዳመና ጠል አሳመንሽኝ። 2 ቴራ ፎቶ ላለው ሰው ካሹ ሥራ አለው። 1 ቴራ ዲስክ ላይ ብዙም ነገር ለሌለው ሰው ግን አሁንም አይታየኝም። ሰባራ ማጠፊያ፣ ከ1 ቴራው ስንቱን ተጠቅመሃል?

ሰባራ ማጠፊያ

140 ጊጋ።

ቀጭን ገመድ

በቃ እኮ! 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ጠቅላላ ይገባልሃል። ሁሉም ነገር ፍላሽ ላይ ከሆነ የምን ካሽ ነው።

ባለ ሁለት ልብ

እዚህ ላይ እኔም እስማማለሁ። ካሽ የመጣው ኤስኤስዲ በጊጋባይት ውድ በነበረበት ዘመን ነው። በ2012 አካባቢ የወጡ ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች 24 ወይም 32 ጊጋ ካሽ ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ጋር ይዘው ይመጡ የነበረው ለዚያ ነው። ያንተም 32 ጊጋ ከእንደዚያ ዓይነት ማሽን የወጣች ትመስለኛለች።

የሚገርመው ኢንቴል ሐሳቡን ደጋግሞ መሞከሩ ነው። በ2007 ተርቦ ሜሞሪ የሚባል 512 ሜጋና 1 ጊጋ ካርድ አወጣ፣ ጥቅሙ ብዙም አልታይ ብሎ ተረሳ። በ2017 ኦፕቴን ሜሞሪ አለ፣ 16 እና 32 ጊጋ። ያኛው በእውነት ፈጣን ነበር፣ ተራ ፍላሽ አልነበረም፣ ትናንሽ ንባብ ላይ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ግን 7ኛ ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰርና ከዚያ በላይ ይፈልግ ነበር። በመሃል የሙሉ ኤስኤስዲ ዋጋ ወረደና ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። በ2022 ኢንቴል የኦፕቴንን ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሁን ርካሽ ያገለገለ ኦፕቴን አገኘሁ ብላችሁ ለአሮጌ ላፕቶፕ እንዳትገዙ፣ እንደ ካሽ አይነሳላችሁም።

ሙሉ ጨረቃ

ካሹ ሞተ ማለት ግን አይደለም፣ ኤስኤስዲው ውስጥ ገባ እንጂ። ብዙዎቹ ርካሽ ኤስኤስዲዎች የፍላሻቸውን አንድ ክፍል በአንድ ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ እየጻፉ እንደ ፈጣን መቀበያ ይጠቀሙበታል። ትልቅ ፋይል ስትገለብጥ መጀመሪያ ይከንፍና መሃል ላይ በድንገት ዝግ የሚለው ያ ሲሞላ ነው። ኤስኤስዲ ስትመርጥ ይሄን አስበው፣ ሊሞላ የደረሰ ዲስክ ላይ ይብሳል።

ሰባራ ማጠፊያ

አሳመናችሁኝ። ግን 32 ጊጋዋ ታሳዝነኛለች። ዊንዶውስን እሷ ላይ ብጭነውስ?

የድሮ ቴክኒሻን

አይሆንም። ዊንዶውስ 10 ራሱ ከ1903 ስሪት ወዲህ ቢያንስ 32 ጊጋ ይጠይቃል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 64። ቢጭንልህም የመጀመሪያው ትልቅ አፕዴት ላይ ቦታ የለም ብሎ ይገተራል። ቀለል ያለ ሊኑክስ ግን ይበቃዋል።

ለመሆኑ ያ ባዶ ስሎት የት ጋ ነው ያለው? አጠገቡ ጫፋቸው በፕላስቲክ የተሸፈነ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ?

ሰባራ ማጠፊያ

ባትሪው አጠገብ ነው። አዎ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ግራጫ ሽቦ አለ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቴፕ ተለጥፈዋል። እንዴት አወቅክ?

የድሮ ቴክኒሻን

የሲም ካርድ ሞደም ስሎት ነው። ሽቦዎቹ አንቴናዎች ናቸው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ይሄ ስሎት ኤስኤስዲም ይቀበላል፣ አንዳንዱ ላይ ግን የሳታ መስመሩ ጭራሽ አልተዘረጋለትም። ስትሰካው ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግን ምንም አይታይም። የሞዴሉን የጥገና መመሪያ አውርደህ ስሎቱ ምን እንደሚደግፍ እይ። ወይም ባትሪውን ነቅለህ ስካትና ባዮስ ውስጥ ትመጣ እንደሆነ ተመልከት። የኤም.2 ቁርጡን ሳታይ በግድ አትግፋ፣ ካልገጠመ አይገጥምም።

ሰባራ ማጠፊያ

ሰካኋት። ልክክ ብላ ገባች፣ ባዮሱ ግን አያውቃትም። መመሪያው ላይም ያ ስሎት ለሞደም ብቻ ነው ይላል።

ቅጠላ ቅጠል

የካሹ ክርክር በዚህ ተዘጋ ማለት ነው 😂

ሰባራ ማጠፊያ

ተዘጋ። 4 ጊጋ ራም እጨምራለሁ፣ ሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ አስገባለሁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ያሁኑ ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ኤስኤስዲዎቹ 7 ናቸው፣ አይወዛወዝም? ሌላው፣ 1 ቴራውን ወደ 256 እንዳለ መገልበጥ ይቻላል?

የድሮ ቴክኒሻን

ለውፍረቱ ብዙ ኤስኤስዲ ላይ 2.5 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፍሬም አብሮ ይመጣል። ከሌለም አታስብ፣ የብረት ማቀፊያው ላይ በብሎን ስለሚታሰር አይንቀሳቀስም።

መገልበጡ ይቻላል፣ የተጠቀምከው 140 ጊጋ ስለሆነ። የኤስኤስዲው አምራች የሚሰጠው የመገልበጫ ፕሮግራም ካለ ፓርቲሽኑን ራሱ ያጠበዋል። ካልሆነ አንተ ቀድመህ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሽሪንክ አድርገው። መጀመሪያ ግን የድሮውን ዲስክ የስማርት ሁኔታ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) እይ። ያልተነበቡ ሴክተሮች አሉኝ ካለ መገልበጡን ተወውና አስፈላጊ ፋይሎችህን ብቻ በእጅህ አውጥተህ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫን። ኤስኤስዲውን ለመገልበጫ ከውጭ ስትሰካው ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ትፈልጋለህ፣ ያው ኬብል በኋላ ሃርድ ዲስኩን የውጭ ባክአፕ ለማድረግ ያገለግልሃል።

ሰባራ ማጠፊያ

ስማርቱ ንጹሕ ነው፣ ያልተነበበ ሴክተር ዜሮ ይላል። ኬብሉን እንዳገኘሁ እገለብጣለሁ።

ዳመና ጠል

ኬብሉን ስትገዛ ዩኤስቢ 3 መሆኑን እይ፣ ላፕቶፑም ላይ ዩኤስቢ 3 የሆነውን ቀዳዳ ተጠቀም። 140 ጊጋ በዩኤስቢ 2 ከሆነ አንድ ሰዓት በላይ ያስቀምጥሃል። ቻርጀሩንም እንዳትነቅለው።